የሚያለቅሰው መቀስ

እኛ ሸለቆ ውስጥ ወይን የሚከረከመው ሐምሌ ላይ፣ ጨረቃ እየጎደለች ስትሄድ ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ ከሌላ አገር የመጣ ሰው መሆን አለበት። በሙሉ ጨረቃ ከርክሞ ወይኑ የደረቀበትን ሰው ጎረቤት እንኳ አያዝንለትም፤ የእጁን አገኘ ይባላል። ኤርሜሊንዳም ያን ዓመት እንደማንኛውም ሰው ጨረቃዋን ትጠብቅ ነበር፤ ልዩነቱ እሷ የምትጠብቃት በፍርሃት መሆኑ ነው።

የኤርሜሊንዳና የባሏ የኖልቤርቶ ቤት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን የወይን ዳስ አለው። ኖልቤርቶ ጎረምሳ ሳለ የተከለው አንድ ግንድ ነው፤ ዛሬ ቅርንጫፎቹ በሽቦው ላይ እየሄዱ ወጥ ቤቱን አልፈው ዶሮ ቤቱ ድረስ ደርሰዋል። በጋ ላይ ምሳ የሚበላው ከሥሩ ነው፤ የልጃቸው ሰርግም የተደገሰው ከሥሩ ነው። ኖልቤርቶ ዕድሜውን ሙሉ በትልልቆቹ የወይን እርሻዎች በከርካሚነት የኖረ ሰው ነበር። ከዚያ የስኳር በሽታው መጣና ዓይኑን ወሰደው፤ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ብርሃኑን ባጣ በመጀመሪያው ክረምት ወንበሩን አስወጥቶ ከዳሱ ሥር ተቀመጠ። ኤርሜሊንዳ በሕይወቷ ከርክማ አታውቅም፤ መሰላሉ ላይ ወጣችና እየፈራች የመጀመሪያዋን ሐረግ ቆረጠች።

«እሷ እኮ ደህና ነበረች፤ ምን አድርጋሽ ነው ከሥሯ ያነሳሻት?» አለ ኖልቤርቶ ከታች።

ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ያይ ጀመር እንዴ ብላ ዞር አለች፤ ዓይኑ እንደተከደነ ነው። የሰማው በጆሮው ነበር። ቀጭኗ ሐረግ ስትቆረጥ ቅጭ ትላለች፤ ጠንከር ያለችው ቀጭ ትላለች፤ አሮጌው ቅርንጫፍ ቋ ይላል፤ የደረቀው ደግሞ ድምፁ ባዶ ነው። ኖልቤርቶ በዚህ ድምፅ ብቻ ዳሱን በሙሉ ከታች ሆኖ ያየው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ እንዲህ ሆነ። «ሁለት እንቡጥ ትተሽ ቁረጪ» ይላል እሱ። «ሦስት እተዋለሁ» ትላለች እሷ። «እርሻው ያንቺ ሆነ እንዴ?» ሲላት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ መሰላሉ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» ትለዋለች። ሲነታረኩ ይውሉና አመሻሽ ላይ ሁለቱም ደክሟቸው ከከሰሉ ማንደጃ አጠገብ ዱባ ገብቶበት የተጠበሰ ቂጣ እየበሉ ይስቃሉ። በቀረው የዓመቱ ጊዜ ኖልቤርቶ የሚለብሰውን የሚያለብሱት፣ የሚሄድበትን የሚመሩት ሰው ነው። በክርከማው ሰሞን ግን አለቃ ነው፤ ሳሉ እንኳ የአለቃ ሳል ይሆናል።

ያን ዓመት ኖልቤርቶ እንቅልፍ አብዝቶ ነበር። ሬዲዮኑን ስትከፍትለት አይሰማም፤ ስትዘጋበት አይቆጣም። ሳንቲያጎ ያለችው ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጉለትና እሺ፣ እሺ ብሎ ይመልሰዋል። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘም። ኤርሜሊንዳ ግን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰውየው ቀስ እያለ እየሄደባት ነው። የሚመልሰው ነገር ካለ የሐምሌው ክርከማ ነው ብላ በልቧ ይዛዋለች፤ ለማንም አልነገረችም።

ችግሩ እጇ ነው። የጣቶቿ መጋጠሚያ አብጦ መቀስ አልጨብጥ ካለ ቆየ። አምና በሁለት እጇ እየጨመቀች ነበር የጨረሰችው።

«ምነው ሁለቴ ነከስሽው?» ብሏት ነበር ኖልቤርቶ።

«መቀሱ ዶልዱሞ ነው» ብላ ዋሸችው። እሱም መቀሱን ተቀብሎ ማንደጃው አጠገብ በመዳፉ እየዳበሰ ሲስል አመሸ። እያየችው አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ ነበር፣ እሱ እንዳይሰማ።

ልጃቸው ሰው ቅጠሩ ትላለች። ሰው ሊቀጠር ይችላል፤ ግን የተቀጠረ ሰው «እሺ ዶን ኖልቤርቶ» ብሎ የራሱን ይሠራል እንጂ ከዓይነ ስውር ሽማግሌ ጋር አይከራከርም። ሌላው መንገድ ባለ ባትሪ መቀስ ነው፤ ጣት ማስነካት ብቻ ነው፣ ቀሪውን እሱ ይቆርጠዋል። ኤርሜሊንዳ ግን ከመንገዱ ማዶ ባለው እርሻ ሠራተኞቹ ያንን ይዘው ሲያልፉ ሰምታዋለች። ወፍራም ቆረጡ ቀጭን፣ ድምፁ ያው አንድ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት በሕልሟ ወይኑን በዚያ መቀስ ስትከረክም አየች። ሐረጉ ሁሉ እንደ በረዶ ብናኝ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል፤ ኖልቤርቶ ከታች ተቀምጦ ፊቱን ወደሷ ቀና አድርጓል፤ እሷ ስሙን ትጠራለች፣ እሱ አይሰማትም። ስትነቃ ጨረቃዋ መጉደል ጀምራ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ስድ ከበቀለው ወይን ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ የደረቀውንም እርጥቡንም እየመረጠች የጎረቤት ልጅ አስቆረጠች፤ በገመድ አስራ በብብቷ ይዛ ወደ ከተማ ወረደች። ጭጋጉ ያን ቀን ከወንዙ ተነስቶ አደባባዩ ድረስ ገብቶ ስለነበር ቤተ ክርስቲያኑ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። የብራውሊዮ ሱቅ አደባባዩ ፊት ለፊት ነው፤ ሚስማርም፣ የዶሮ መኖም፣ ቀለምም፣ ማሽንም ይሸጣል። ወሬ ደግሞ በነፃ ነው።

«እማማ ኤርሜሊንዳ፣ ማገዶ ሊሸጡልኝ ነው?» አለ ብራውሊዮ እሽጉን አይቶ።

«መቀስ ልገዛ ነው። ባለ ባትሪውን።»

ብራውሊዮ ደስ አለው። ሦስት ዓይነት አለው፤ ሦስቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው ባትሪው እንደ ቦርሳ ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ ለእርሻ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ሸንቀጥ ያለ፣ እጅ ውስጥ የሚገባ፣ ያማረ ነው። ሦስተኛው ብርቱካናማ ቀለም ያለው፣ አንድ ጎኑ የተጫረ፣ ወደ ጥግ ገፋ ያደረገው ነው።

«ይሄኛውን ይውሰዱ» አለ ሁለተኛውን አንስቶ። «ቀላል ነው። ባትሪው ግማሽ ቀን ይሠራል። ድምፁን ደግሞ አይሰሙትም።»

«አልሰማውም?»

«ድመት ማለት ነው።»

«እንግዲያው እዚያ መኖው ጀርባ ሂድና በዚህ እሽጉን ቁረጥልኝ። የትኛውን እንደምትቆርጥ አትንገረኝ።»

ብራውሊዮ አያት። የበር ማጠፊያ ሊገዛ ቆሞ የነበረ ሰውዬ፣ «ሐብሐብ አንኳኩቶ እንደሚገዛ ሰው መሆናቸው ነው» ብሎ ሳቀ። ኤርሜሊንዳ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ብራውሊዮ ደንበኛ ነችና የመኖውን ጆንያ ዞሮ ሄደ።

ዝዝ አለ። «ወፍራም» አለች።

«ቀጭን ነው፣ እማማ።»

ዝዝ አለ። «ቀጭን።»

«የአውራ ጣቴን ያህላል።»

አንደኛውን አስሞከረችው፤ እሱማ የባሰ ሆነ። ግንድም ቢሰጡት ያው በሆነ ነበር፤ ብራውሊዮ ግን አይብ የሚቆርጥ ነው የሚመስለው እያለ በኩራት ይነግራታል። ኤርሜሊንዳ ዓይኗን አልገለጠችም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ኖልቤርቶ ያለበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፤ ከሱ ጋር የሚያገናኛት አንድ ገመድ ነበር፣ እሱንም በገዛ እጇ ገንዘብ ከፍላ ልትበጥሰው ነው።

«ያንን ጥግ ያለውን» አለች።

«እሱ አይሆንዎትም። ሰው ገዝቶት የመለሰው ነው። ጉልበት የለውም፤ ወፈር ያለ እንጨት ሲያገኝ ያለቅሳል።»

«ቁረጥበት።»

ብራውሊዮ ተንፍሶ ሄደ። ዚ አለ፣ አጭር፣ እንደ ንብ። «ቀጭን» አለች። ዚይይ አለ፣ ወደ መጨረሻው ወረድ ብሎ። «መካከለኛ፣ እርጥብ።» ከዚያ መቀሱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደታመመ ሰው አቃሰተ፣ በመጨረሻ ቋ አደረገ።

«ይሄ አሮጌ ቅርንጫፍ ነው» አለች ኤርሜሊንዳ ዓይኗን ገልጣ።

ባለማጠፊያው ሰውዬም መሳቁን ትቷል። ብራውሊዮ ቅርንጫፉን በእጁ ይዞ ከጆንያው ጀርባ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ነገ መጥተው አታለልከኝ እንዳይሉኝ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ወፍራም ላይ አንዳንዴ ነክሶ ይቆማል። እንደሚያለቅስ ነግሬዎታለሁ።»

«ያልቅስ። የምፈልገው እሱን ነው።»

«ለዶን ኖልቤርቶ ነው? ማየት ጀመሩ እንዴ?»

«አይ» አለች ሻሿን እያጠበቀች። «መስማት ግን አላቆመም።»

በነጋታው ጭጋጉ ከወንዙ ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ኖልቤርቶን አልብሳ፣ እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ ከዳሱ ሥር አስቀመጠችው። ዛሬ ነው ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። መሰላሉ ላይ ወጣች። ሽቦውና ሐረጉ ጭጋግ ውስጥ ገብተው፣ የሚታያት የገዛ እጇ፣ ፊቷ ያለችው አንዲት ሐረግና ከታች የኖልቤርቶ ጥላ ብቻ ነበር። ቁልፉን ነካችው፤ ዚ አለ።

ኖልቤርቶ ፊቱን አነሳ። «ምንድነው እሱ?»

«መቀስ ነው። አዲስ።»

«መቀሴስ?»

እውነቱን ነገረችው። እጄ አልጨብጥ አለኝ አለችው፤ አምናም እንዲሁ ነበር አለችው። ጠብታዎች ከሽቦው ላይ ብርድ ልብሱ ላይ ይወርዳሉ።

«ትንኝ ነው የገዛሽው» አለ በመጨረሻ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

አንዷን ቆረጠች፤ ዝም። ሌላዋን ቆረጠች፤ ዝም። ሆን ብላ ያጠፋች መስላ ጮክ ብላ «ውይ» አለች፤ ዝም። ብራውሊዮ ሱቅ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የለየችው ድምፅ፣ እሱ ዘንድ ሲደርስ የትንኝ ጩኸት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ወይም ደግሞ የሰው ልጅ መስማት ሲታክተው እንዲህ ይሆናል ብላ አሰበች። እጇ ዝም ብሎ መሥራቱን አላቆመም፤ እያሰበች የደረቀ አሮጌ ጉቶ ላይ መቀሱን አሳረፈችው። መቀሱ ነከሰ፣ አቃሰተ፣ ወረደ፣ ቋ።

«እሱ ደረቅ ነው» አለ ኖልቤርቶ።

መተንፈስ ፈራች። «አዎ፣ ደረቅ ነው።»

«አሳንሰሽ አትቁረጪው፤ ከሥሩ።» ትንሽ ቆየና፣ «እስኪ ምንም ሳትቆርጪ አስነሺው» አላት። አስነሳችው። «አሁን ቀጭን።» ቆረጠች። «ሌላ ቀጭን።» ቆረጠች። «አሁን ጠንከር ያለች።» ቆረጠች። እንደ አዲስ ቋንቋ ተማሪ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ድምፁን ይደግመዋል። ከጭጋጉ ሥር የሚመጣው ድምፁ ቀስ በቀስ እየሞቀ ሄደ። ከዚያ ትእዛዙ ጀመረ፤ ይቺን አንሺ፣ ያቺን ተያት፣ እዚያ ጋ ሁለት እንቡጥ። ሳሉም ተመለሰ።

ጭጋጉ ከመወፈሩ የተነሳ አሁን ኤርሜሊንዳ ከፊት ለፊቷ ካለው በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። ዳሱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጠፍቷት፣ በደመና ውስጥ በአንድ ሰው ድምፅ ተይዛ የምትሄድ መሰላት። እሱ ከታች ሆኖ ከሷ ይልቅ ያያል። እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ ትዝ አይላትም። መሬቱ ስላንሸራተተ መሰላሉን ወደ ዳሱ ምሰሶ ማዶ ስታዛውር ከደስታዋ ብዛት ልትነግረው ረሳች።

«አሁን ከግራሽ አንዲት ቀጭን አለች» አለ። «ፍሬ የላትም፤ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። ከሥሯ አንሺያት።»

ወደ ግራዋ አየች። ቀጭን ሐረግ አልነበረም። እዚያ ያለው ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሄዶ በጋውን ጥላ የሚሆነው ዋናው ቅርንጫፍ ነው፤ ኖልቤርቶ ራሱ በወጣትነቱ በጨርቅ እያሰረ የመራው፣ ጥቁሩን ፍሬ የሚሸከመው። እጇ ቆመ። ተሳስተሃል ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ያ የወራት ዝምታ ትዝ አላት፤ ወደ ግድግዳው የዞረ ፊቱ። ገና አሁን የተመለሰው ሰው በገዛ ወይኑ ውስጥ መንገድ እንደጠፋበት ብትነግረው ወንበሩን አስገቢልኝ ሊላት ነው፤ ከዚያ በኋላ አይወጣም። ወይን ምንድነው? ይበቅላል። ባይበቅልስ?

መቀሱን ቅርንጫፉ ላይ አስገባችው። ነከሰና አለቀሰ። ቆመ። እንደገና ነከሰ፤ ድምፁ እየወረደ፣ እየወፈረ፣ እያቃሰተ ረዥም ጊዜ ቆየ። ደጋግማ ስታስነክሰው ቅርንጫፉ ተለየና ሽቦውን እየጎተተ ከነሐረጉ መሬት ወደቀ።

«ያ ቀጭን አይደለም» አለ ኖልቤርቶ።

መቀሱን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«የመስኮቱ ነው አይደል? አይተሽዋል። ከመቁረጥሽ በፊት ቆመሽ ነበር፤ መቆምሽን ሰምቻለሁ።»

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን ቆረጥሽው?»

«አንተ ቁረጪ አልከኛ።»

«አንድ ቀን ያልኩትን ሰምተሽ አታውቂም። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን። ዛሬ ምን አገኘሽ?» ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከቁጣ ይሁን ከሌላ አልለየችውም። «ዓይኔ የለም፤ እሺ፣ ለመድኩት። ግን እኔ ስሳሳት አንቺ ዝም ካልሽ በምን አውቃለሁ? እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠሽኝ ለብቻዬ ሳወራ ልውል ነው? ልጅቷ እሺ ትለኛለች፣ ሐኪሙ እሺ ይለኛል፤ ሁሉም እሺ ነው። የምትሰድበኝ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ፣ ኤርሜሊንዳ።»

መሰላሉን አቅፋ ቆመች። እንባዋ ቀዝቃዛ ፊቷ ላይ ሲወርድ ትኩስ ነበር። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ወደ ታች፣ ወደማይታያት ሰው ዞረች።

«እንግዲያው ስማ፣ አንተ ደረቅ ሽማግሌ» አለች፤ ድምፏ ጎረቤት ድረስ ሄደ። «መሰላሉን ካዛወርኩ ቆይቻለሁ። የምሰሶውን ወዲህና ወዲያ የማትለይ ከሆነ አለቃ ነኝ እያልክ አትጀነን። በጋውን ሙሉ ወጥ ቤት ውስጥ ፀሐይ አናቴን ስትበሳኝ ስምህን እያነሳሁ ነው የምውለው።»

«መሰላል ስታዛውሪ አፍ የለሽም? ይሄን ያህል ጊዜ ከምሰሶ ጋር ነበር የማወራው?»

«ምሰሶውማ ይሻልሃል፤ አይደክመውም።»

ከታች የብርድ ልብሱ ድምፅ ተሰማ፤ ኖልቤርቶ ወንበሩን ይዞ እየተነሳ፣ ወደ ምሰሶው ማዶ እየዳበሰ እየመጣ ነበር። የወደቀውን ቅርንጫፍ እግሩ ነካው፤ ጎንበስ ብሎ ጫፉን በጣቱ ዳበሰና አጠገቡ ተቀመጠ።

«በይ አስነሺው» አላት።

አስነሳችው፤ አንዲት ቀጭን ሐረግ ቆረጠች። ዚ።

«እሷንም አበላሸሻት» አለ ኖልቤርቶ።

አላበላሸቻትም ነበር፤ ጮኻ ነገረችው።